የአባ ኸሊፋ ጉንፋን

ገለጉ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሳጂዳ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለባልሽ ለልጄ ለአብዱረሕማንም፣ በሆድሽ ላለውም እንግዳ ይድረስ። ደብዳቤሽን ሹፌሩ ባየልኝ ትናንት ከአይሱዙው ሳይወርድ በመስኮት አቀበለኝ። እዚህ የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የዚህ አገር ፖስታ ቤት እሱ ሆኗል።

አዎ፣ በሰላም ገብቻለሁ። ከሽንፋ ወዲህ ያለው ጭቃ ገና አልጠጠረም፤ ሁለት ቦታ ወርደን መኪናውን ገፍተናል። ስለ ሳሌ አትጨነቂ፤ ለቆኛል። ቤቴ በገባሁ በአራተኛው ቀን ሱቄን ከፍቻለሁ። የሰሊጥ አጨዳ ነው፤ ሸራ፣ ገመድ፣ ማጭድ የሚፈልግ ሠራተኛ ደጄ ላይ ቆሞ ልተኛ ብልስ ማን ያስተኛኛል?

ይልቅ ያፈርኩበት ነገር አለ። ሰባተኛ ወርሽን ይዘሽ ጎንበስ ቀና ስትዪልኝ፣ እኔ አልጋችሁን ይዤ ሦስት ቀን ተኛሁ። መተማ ዕቃ ልግዛ ብዬ ለአንድ ቀን ነበር የመጣሁት። ባለቤቴ መስቱራ ከሞተች ወዲህ "በሉ እንጂ፣ ምነው አልበሉም" የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው መሰለኝ፣ ቤታችሁ ጣመኝ። ይቅር በይኝ።

እግርሽ ማበጡ ቀነሰልሽ? ክፍል ውስጥ ቆመሽ አታስተምሪ፤ ዳይሬክተሩን ወንበር ጠይቂው። አብዱረሕማንንም ጋራዡ ፋታ ቢሰጠው በደብዳቤሽ ጥግ ሁለት መስመር እንዲጨምርልኝ ንገሪው።

አባትሽ ኸሊፋ


ጎንደር፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ኸሊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሦስቱ ደብዳቤዎችዎ አንድ ላይ ነው የደረሱኝ።

አልተቀየምኩዎትም። በምን እቀየማለሁ? ከጎንደር የምጽፈው ለክትትል መጥቼ ነው። ጽሑፌ የተንጋደደው ጋደም ብዬ ስለምጽፍ ነው። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ። ልጁም ይራገጣል፤ ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ እጇን ሆዴ ላይ አስቀምጣ ሳቀች።

አብዱረሕማን አጠገቤ ነው። "ሰላም በይልኝ ብሏል" ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አላለኝም፤ እርስዎን መዋሸት ደግሞ አልፈልግም። እሱን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ወረቀቱ አላለቀም፤ እጄ ደክሞ ነው።

ልጅዎ ሳጂዳ


ገለጉ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሳጂዳ፣

ደብዳቤሽን አነበብኩና ባየልኝን ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ ሻይ አዘዝኩለት። "ለክትትል የሄደች ሴት እጇ እንዲህ አይንቀጠቀጥም። የምታውቀውን ንገረኝ" አልኩት። ሻዩን ገፋ አደረገው። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ትንፋሽ አጥሮሽ፣ ከንፈርሽ ጠቁሮ በአምቡላንስ እንደወሰዱሽ። አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን እንደተኛሽ። አብዱረሕማን መናኸሪያ ላይ ሰው በተሰበሰበበት "አባቴ በሽታ ይዞ መጥቶ ሚስቴን ሊገድላት ነው፤ ሁለተኛ ቤቴን አይረግጥም" እንዳለም ነገረኝ። ባየልኝን አትቀየሚው፤ ጨቅጭቄ ነው ያናገርኩት።

አብዱረሕማን እውነቱን ነው። አንቺ ግን ሙሉውን ስለማታውቂ ልንገርሽ።

ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት ኮኪት ላለ የሰሊጥ እርሻ ሸራ ላደርስ ሄጄ ነበር። የሠራተኞቹ ካምፕ ግማሹ ይስላል፤ ግማሹ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ ላይ ይንቀጠቀጣል። አብሬያቸው በልቼ አደርኩ። ወደ መተማ ስሳፈር ራሴን እየፈለጠኝ፣ ሰውነቴ እየነደደ ነበር። ሁለት የራስ ምታት ክኒን ውጬ፣ ፊቴን ታጥቤ ቤታችሁ ገባሁ። "አባ፣ ያስልዎታል" ስትዪኝ "የሰሊጥ ብናኝ ነው" አልኩሽ። ብናኝ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ብናገር ሌላ ቦታ ታሳድሩኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ላያችሁ ፈልጌ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት ሲጋራ ያጨስኩ፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ ሽማግሌ ነኝ። አንቺ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው፤ ተራራ የምትወጪ ሴት። እኔን በአንድ ሳምንት የለቀቀ በሽታ አንቺን ለምን እንዲያ አደረገሽ? እዚህ "ሽሉ ጉልበቷን እየመጠጠባት ነው" ይላሉ። ገና ያልተወለደ ልጅ ሲወቀስ መስማት ከበደኝ። የምታውቂ አስተማሪ ነሽና እውነቱን ጻፊልኝ። እኔን ለማጽናናት ብለሽ እንዳትዋሺኝ።

ወደ መተማ ግን አልመጣም። ልጁ ሲወለድም አልመጣም። አብዱረሕማንን በዚህ አትጨቅጭቂው።

ኸሊፋ


መተማ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ኸሊፋ፣

ቤቴ ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ከአልጋ እስከ በር ያለ እርዳታ እሄዳለሁ፤ ከበር እስከ አጥር ገና ነኝ። እናቴ መጥታልኛለች። ጎንደር በነበርኩ ጊዜ ስለደበቅኩዎት ይቅር ይበሉኝ። እርስዎም ደብቀውኛልና እኩል ነን ልል ነበር፤ ግን እኩል አይደለንም፤ የኔ መደበቅ ማንንም አላሳመመም። እንዳልዋሽዎት ስላሉኝ ነው እንዲህ ገልጬ የምጽፈው።

አዎ፣ ከእርስዎ የያዘኝ ይመስለኛል። የጀመረኝ እርስዎ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት በትምህርት ቤታችን የሚስል አላየሁም።

የቀረውን ጥያቄዎን እኔም ጎንደር ተኝቼ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ዶክተር ጸዳለ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይበልጥም።

"ልጁ ነው ጉልበቴን የጨረሰው?" አልኳት።

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም ይላል።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "መጀመሪያ፣ የያዘሽ ተራ ጉንፋን አይደለም፤ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ምንም አልወሰደብሽም። ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የአባቱ ነው። ሰውነትሽ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ማባረር ልማዱ ነው። ልጁን እንዳያባርር ሲል የመከላከያውን አሠራር ይለውጣል። አንዳንዱን ያለዝበዋል፣ አንዳንዱን ጭራሽ ያተጋዋል። ተኝቷል ማለት አይደለም" አለችኝ።

እኔም ለተማሪዎቼ እንደማደርገው በሚገባኝ ነገር መሰልኩት። የኛን ኬላ ያስቡት። ጠባቂዎቹ "አንድ የከበረ እንግዳ ገብቷልና እንዳትነኩት" ተብለዋል እንበል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ላይ አይጮሁም፤ ይታገሣሉ። በዚያ መሃል ኮንትሮባንዲስቱ ይገባል። ሲነቁ ደግሞ ዘግይተዋልና በድንጋጤ መተኮስ ይጀምራሉ፤ ሌባውንም፣ ቤቱንም፣ ገበያውንም። ያ ገበያ የኔ ሳንባ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀችና "ይሁን፤ ግን ተመራማሪዎቹም ገና ያልጨረሱት ብዙ ነገር አለ ብለሽ ጨምሪበት" አለችኝ። ጨምሬዋለሁ።

ሌላም አለ። ማኅፀን ወደ ላይ ሲገፋ ሳንባ የሚዘረጋበት ቦታ ይጠበዋል። ልብም ከወትሮው በላይ ትደክማለች፤ የሚያስፈልገው አየርም ይበዛል። በደህናው ጊዜ ሰው አያስተውለውም። ሳንባ ሲታመም ግን ትርፍ የሚባል ነገር የለም። እርስዎ ያጨሱበት ሳንባ ቢያረጅም ለአንድ ሰው ነው የሚተነፍሰው።

ስለዚህ አባ፣ እርስዎን የተወ፣ እኔን የመረጠ የለም። ያው አንድ በሽታ ሁለት የተለያየ ቤት ገባ።

የእርስዎ ያልሆነ ጥፋትም አለ። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው፤ ለነፍሰ ጡርም ይሰጣል። ከሁሉ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሲጀመር ነው። እኔ ሐኪም ፊት የቀረብኩት በስድስተኛው ቀን ነው። ለምን እንደዘገየሁ ዛሬ አልጽፍም፤ ነገሩ የኔ ብቻ አይደለምና።

አልመጣም ያሉትን አንብቤያለሁ። መልስ አልሰጠሁበትም፤ አልተቀበልኩትምም።

ሳጂዳ


ገለጉ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሳጂዳ፣

"አዎ" ያልሽኝን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። ከባድ ነው፤ ግን "አይደለም አባ፣ እርስዎ አይደሉም" ብትዪኝ ኖሮ በልቤ አላምንሽም ነበር። አሁን ቢያንስ የቆምኩበትን አውቃለሁ። አላህ ይስጥሽ።

ምን እያደረግኩ እንደሆነ ታስቢ ይሆናል። አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ እሱን ልጻፍልሽ።

ከአሥር ቀን በፊት ከገለጉ ወጣ ብሎ ካለው የማሽላ እርሻ ጆንያ ላደርስ ሄድኩ። ሳሉ እዚያም ደርሷል። ለሠራተኛው የምታበስለው ባንቺአየሁ የምትባል የጎጃም ልጅ ናት፤ ባሏ አንዱዓለም ከአጫጆቹ ጋር ነው። ትልቁን የገንፎ ድስት ስታማስል ላብ በፊቷ ይወርዳል። ቀሚሷ ከፊት ከፍ ብሏል። በየመሃሉም ትስላለች።

"ስንት ወርሽ ነው?" አልኳት።

አፈረች። "አምስት" አለች።

"ትኩሳቱ መቼ ጀመረሽ?"

"ትናንት ማታ። ጉንፋን እኮ ነው አባባ፤ ይለቀኛል።"

"እኔንም ለቆኛል። እኔ ግን ነፍሰ ጡር አልነበርኩም" አልኳት። ሠራተኛው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የእርሻው ተቆጣጣሪ አጨዳው ሊያልቅ ጫፍ ደርሶ ወጥ ሠሪዋን ሊለቃት አልፈለገም። "በቃ፣ እራታችሁን እኔ አበስላለሁ" አልኩት። አንዱዓለም ደግሞ ሌላ ፍርሃት ፈራ፤ "መድኃኒቱ ልጁን ቢጎዳውስ?" ይላል። የጻፍሽልኝን እንደ ኪታብ በደረት ኪሴ ይዤው ስለነበር አውጥቼ አነበብኩለት፤ የኬላውንም፣ የሳንባውንም። ስለ ኮንትሮባንዲስቱ ሲሰማ ገባው፤ የማይገባው ማን አለ በዚህ አገር!

በትራክተር ተሳቢ ላይ ፍራሽ አንጥፈን ገለጉ ጤና ጣቢያ አወረድናት። የጤና መኮንኑ አንዱአምላክ ጣቷ ላይ የሚሰካውን መለኪያ አድርጎ አየና "ደግ አድርጋችኋል። መድኃኒቱ እዚህ የለኝም፤ ዛሬውኑ መተማ ትድረስ" ብሎ ወረቀት ጻፈ። ባየልኝ ጭነቱን ሳይጨርስ ይዟት ወጣ። በስምንተኛው ቀን በእግሯ ከመኪና ስትወርድ አየኋት። ልጁም በሆዷ ደህና ነው።

ያበሰልኩትን ገንፎ ግን ማንም አልጨረሰውም።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቴ ልቀንስበት ብዬ አይደለም። ያንቺ ያንቺ ነው፣ የሷም የሷ። ግን የነገርሽኝ ነገር አንድ ቦታ መዋሉን እንድታውቂ ፈልጌ ነው።

የመምጣቱን ነገር አታንሺብኝ። ቀንሽ ስለደረሰ ዱዓዬ ካንቺ ጋር ነው።

አባትሽ ኸሊፋ


መተማ ዮሐንስ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባ ኸሊፋ፣

እንኳን ደስ ያለዎት! ጥር 12 ቀን ሴት ልጅ ተገላገልኩ። ትንሽ ቀደም ብላ መጥታ ክብደቷ አነስ ብሏል፤ ጡት ግን እንደ ጎረምሳ ነው የምትጠባው። በሰባተኛው ቀን ስም አወጣንላት፤ ዘምዘም ብለናታል። የእርስዎ ቦታ ባዶ ነበር። ሰው ሁሉ አይቶታል፤ አብዱረሕማንም አይቶታል።

ዶክተር ጸዳለን በስልክ አግኝቼ መውለዴን ነገርኳት። ዘምዘም በሳል መሃል መወለዷ ያስፈራኛል ብያት ነበር። ሰውነቴ በሽታውን ሲታገል የሠራው መከላከያ በእትብቱ በኩል ወደ ልጅቷ እንደሚያልፍ አስረዳችኝ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ያንን በሽታ በመጠኑ ይከላከልላታል። የከበረው እንግዳ ከእናቱ ቤት ስንቅ ይዞ ነው የወጣው ማለት ነው። ይህ ጥፋቱን ያካክሳል ብዬ አይደለም፤ ዋጋው ብዙ ነበር። እውነት ስለሆነና ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

አሁን በታኅሣሥ ያልጻፍኩትን ልጻፍ። አብዱረሕማን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ "እኔ አልችልም፣ አንቺ ጻፊው" አለኝ።

ትኩሳቱ በጀመረኝ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ልሄድ ነጠላዬን ለብሼ ነበር። በር ላይ ቆሞ "ክኒን ብቻ ነው የሚሰጡሽ፤ ክኒን ደግሞ ልጄን ይጎዳብኛል። ጉንፋን ነው፤ አባቴንም ለቆታል" አለኝ። እኔም ፈራሁና ነጠላዬን አወለቅኩ። ሁለታችንም ለልጁ ብለን ነው። አምስት ቀን እንዲሁ ሄደ። አምቡላንሱ ውስጥ እጄን ይዞ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ" ይል ነበር። ጎንደር ስንደርስ ግን "አባቴ ነው" ማለት ጀመረ። የመጀመሪያውን መሸከም ከበደው መሰለኝ።

አባ፣ እሱ እርስዎን አይደለም ቤቴ አይግባ ያለው። ከጥር መባቻ ጀምሮ በየማለዳው መኪና መናኸሪያ ድረስ ይሄዳል። ባየልኝ ሲገባ ጋቢናውን አይቶ ይመለሳል።

ሳጂዳ


ሽንፋ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሳጂዳ፣

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ተነሣሁ። አሁን ግን ሽንፋ ላይ ወርጃለሁ። ከገለጉ ስንወጣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ እዚህ ስንደርስ ሳል ጀመረኝ። ትኩሳት የለኝም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ባየልኝም "ልጅዎ ቤት ደርሰው ይተኛሉ፤ ሁለት ሰዓት ቢቀረን ነው" ብሎ ለመነኝ።

አልሄድም አልኩት። ዶክተሯ "በመጠኑ" ነው ያለችው። ባለ አሥራ ስድስት ቀን ልጅ ይዤ በ"መጠኑ" ላይ አልደፍርም። ወንዙ ዳር ካለ ማረፊያ ክፍል ይዣለሁ። ሳሉ ከለቀቀኝ በኋላ ቀን ጨምሬ እመጣለሁ። መቅረቴ እንዳልሆነ ለአብዱረሕማን በደንብ ንገሪው። ስለ ነጠላው የጻፍሽውንም አንብቤያለሁ በይው፤ ሌላ ምንም አትበዪው።

ኸሊፋ


ሽንፋ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ሳጂዳ፣

አዎ፣ አብዱረሕማን ደርሷል። የጋራዡን ቱታ እንኳን ሳያወልቅ ነው የመጣው። በሩ ላይ ሳየው ብድግ ብዬ ልስመው ነበር፤ ወዲያው ትዝ አለኝና "እዚያው ቁም!" ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። "ታምሜያለሁ፤ እቤትህ ጨቅላ አለች" አልኩት። ያኔ ነው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቀሰው። አባት ሆኜ እጄን ልዘረጋለት አለመቻሌ እንዴት እንደጨነቀኝ አልነግርሽም።

ግቢው ሰፊ ነው። ወንበሩን ከዛፉ በዚያ በኩል አደረገ፣ እኔ በዚህ በኩል። እናትሽ የቋጠሩልንን ምግብ በሁለት ሰሃን ከፍለን ለየብቻችን በላን። ከልጄ ጋር በአንድ ማዕድ ሳልበላ ስቀር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ከበላን በኋላ እንዲህ አለኝ፤ "አባ፣ መናኸሪያ ላይ ያልኩትን ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ።"

"ለራሴ ነበር የምናገረው።"

"አውቃለሁ። እኔም እያወቅኩ ታምሜ ገባሁ፤ አንተም ፈርተህ ከለከልካት። ሁለታችንም ክፉ አላሰብንም። እሷ ግን ልትሞት ነበር። ይህን ሁለታችንም አንርሳው፤ ግን ተከፋፍለን እንያዘው" አልኩት። ከዚያ ስለ ዘምዘም ያወራኝ ጀመር፤ ስታስነጥስ ራሷ ደንግጣ እንደምታለቅስ፣ የሞተር ድምፅ ስትሰማ ጸጥ እንደምትል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወራኝ።

ወደ ቤትህ ተመለስ ብለው እምቢ አለኝ። እናትሽ አጠገብሽ ናቸው፤ "እርስዎን ሳልይዝ አልሄድም" ብሎ ከኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ይዟል። ሳሌ ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል። የሽንፋው ሐኪም ሦስት ቀን ቆዩ ብሎኛል፤ እኔ አምስት አድርጌዋለሁ። አብዱረሕማንንም እስካሁን ሳል አልጀመረውም፤ እኩል እንጠብቃለን።

በመካከላችን ያለው ግድግዳ የጭቃ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። ጠዋት ጠዋት ከወዲያ በኩል ጉሮሮውን ይጠራርግና "አባ፣ እንዴት አደሩ?" ይለኛል።

"ደህና አደርኩ ልጄ" እለዋለሁ።

አባትሽ ኸሊፋ